የአርባ ሰባት ቀን ወተት

ሺዩና ከጀልባ ወርዳ ወደ ገመድ ገማጆቹ ዳስ ስትመጣ፣ ዋሒዳ ከባሕር ጭቃ የወጣ የኮኮናት ልጥ በዱላ እየቀጠቀጠች ነበር። ሺዩና ማዶ ካለው ሪዞርት የምትሠራ የኮራል፣ ባሕር ሥር እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድገው ሕይወት፣ ባለሙያ ናት፤ ከዋና ከተማው ከማሌ የመጣች፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሳቂታ ልጅ። ሁልጊዜ የምትመጣው ገመድ ልትረከብ ነው። ያን ቀን ግን እጇን አጣምራ ቆመችና፣

"እናቶቼ፣ ዱላውን አስቀምጡና ስሙኝ፤ የምሥራች ይዣለሁ" አለች።

ስድስቱም ሴቶች ቀና አሉ።

ከአሥር ዓመት በፊት ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ኮራሉ እንደ አጥንት ነጥቶ ሲሞት፣ ሪዞርቱ የተረፈውን ቁርጥራጭ አልጋ በሚመስል የብረት ማዕቀፍ ላይ እያሰረ እንደገና መትከል ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የሚያስሩት በላስቲክ ነው። ኋላ "ባሕር ውስጥ ላስቲክ አናስገባም" ተባለና፣ የማሩዱ ደሴት ሴቶች ከአያቶቻቸው የወረሱት የቃጫ ገመድ ተፈለገ። እነዚህ ስድስት ሴቶች ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመዳፋቸው ሲገምዱ ኖሩ።

"ባለፈው ሳምንት አምስት ሺኛውን አልጋ ባሕር ውስጥ አስቀመጥን" አለች ሺዩና። "አለቆቹም ያለ እናንተ ይህ አይሆንም ነበር ብለዋል። ሁለት ሌሊት እንደ ማንኛውም እንግዳ እንድታርፉ ተጋብዛችኋል። ውሃው ላይ ካሉት ቤቶች ሦስቱ የእናንተ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ።"

ዳሱ በሳቅና በጫጫታ ተሞላ። ሁለቱ እህትማማቾች ወዲያው ክንድ ለክንድ ተያያዙ። እናትና ልጅም ተያያዙ። ከዚያ ሳቁ እየሳሳ መጣና ሁሉም ዓይን ወደ ቀሩት ሁለቱ ዞረ፤ ወደ ዋሒዳና ወደ ናጂያ።

"አላህ ሲያገናኝ እንዲህ ነው!" አለች ታላቂቱ እህት፣ ሳቋን በሻሿ እየሸፈነች። "ጣውንት ለጣውንት!"

"እኔ ምንም ችግር የለብኝም" አለች ናጂያ ገመዷን ሳትለቅ። "አላንኮራፋም። እሷን ጠይቋት።"

"እኔስ መቼ አንኮራፍቼ አውቃለሁ?" አለች ዋሒዳ።

"እሱን የሚያውቅ ሰው ሞቷል" አለች ናጂያ፤ ዳሱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ዋሒዳ ግን አልሳቀችም።

ሞቷል የተባለው ዙበይር ነው፤ የሁለቱም ባል የነበረው። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ዋሒዳን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ፈታትና ናጂያን አገባ። ማሩዱ ላይ መፋታት ብርቅ አይደለም፤ ሦስቴ አግብቶ የፈታን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዋሒዳም ቢሆን ኋላ ሌላ ባል አግብታለች። ውስጧ የቀረው የፍቺው ነገር አልነበረም።

ልጇን ኢልያስን በወለደች በአምስተኛው ቀን ኃይለኛ ትኩሳት ጣላት። አራስነቷን ሳትጨርስ በጀልባ ጭነው ማሌ ሆስፒታል ወሰዷት፤ አርባ ሰባት ቀን ተኛች። ሕፃኑ እናቷ ዘንድ ቀረ። እናቷ ግን አሮጊት ናት፤ ጡት ከየት ታምጣ? በደሴቲቱ በዚያን ወቅት የምታጠባ ሴት ናጂያ ብቻ ነበረች፤ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻት የስምንት ወር ሴት ልጅ ነበረቻት። ዋሒዳ ድና ስትመለስ፣ በመንገድ ሁሉ ስታስበው የመጣችው የልጇን መቃብር ነበር። እናቷ እጇን ይዛ ወደ ዙበይር ቤት ወሰደቻት። ናጂያ በር ላይ ባለው የገመድ ወንበር ተቀምጣ ታጠባለች። ኢልያስ ወፍሮ፣ አንጓው ላይ እጥፋት አውጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል።

ዋሒዳ ጎንበስ ብላ ልጇን ከናጂያ ጡት ላይ አነሳችው። አንዲት ቃል ሳትተነፍስም ወጣች። "ባሌን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ልጄን ልትወስድ" የሚል ነበር በልቧ።

በማሩዱ ምስጋና በአፍ አይነገርም፤ ምግብ በሳህን ተሸፍኖ ይላካል። ዋሒዳ ሳህኑንም አልላከችም። ዛሬ ነገ ስትል ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ የሚያሳፍር ሆነ። ዙበይር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሲሞት ሁለቱም አለቀሱለት፤ በየቤታቸው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ዳስ ሥር ሲገምዱም ጨዋታቸው ከነገር መወራወር አልፎ አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሊወስዳቸው የመጣው ኢልያስ ራሱ ነበር። የሪዞርቱ ጀልባ ካፒቴን ነው፤ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ዘወትር የማያደርገውን ኮፍያ አድርጎ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ክቡራን እንግዶች" አለ እንደ ሥራው ደንብ እጅ ነስቶ። "እማዬ፣ ይቺን የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሺ። እማ ናጂያ፣ አንቺም።"

"በስልሳ ዓመቴ ጃኬት ካላለበስከኝ አትሄድም?" አለች ዋሒዳ።

"ሕግ ነው። ደግሞ አትፍሪ፣ ቤታችሁ ያለውን ማቀዝቀዣ ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ እኛ የማንጠጣው ሁሉ ወጥቷል። የቀረው ኮኮናት ብቻ ነው።"

ቤቱ ረጅሙ የእንጨት ድልድይ መጨረሻ ላይ፣ በእግሮቹ ባሕር ውስጥ ቆሟል። ጣሪያው የኮኮናት ቅጠል፣ ከቅጠሉ ጀርባ የፀሐይ ብርሃን የሚሰበስብ ሰሌዳ። ዋሒዳ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። አልጋው ሰፊ ነው፤ አራት ሰው ያለ ጸብ ያስተኛል። መታጠቢያ ገንዳው ባሕሩን ያያል። ጠረጴዛው ላይ ከባሕር ውሃ የተጣራ የመጠጥ ውሃ በጠርሙስ፣ ከቀርከሃ የተሠራ የጥርስ ብሩሽ፣ ከጎኑም አንዲት ካርድ። ናጂያ ካርዷን አንስታ ከዓይኗ አርቃ አነበበች።

"ፎጣችሁን ደግማችሁ በመጠቀም ባሕሩን አግዙ ይላል።"

"እናቴ በአንድ ፎጣ ስድስት ልጅ አሳድጋለች" አለች ዋሒዳ። "እሷን አስተማሪ ቢቀጥሯት ይሻላቸው ነበር።"

ናጂያ ሳቀች። ወዲያውም ጮኸች። የሳሎኑ ወለል መሀሉ ላይ መስታወት ነው፤ ከእግሯ ሥር አንድ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ዓሣ ክንፉን እያርገበገበ ያልፋል። የሻርክ ግልገሎችም ተከትለውት መጡ።

"ያዩናል እኮ!" አለች ናጂያ ቀሚሷን ሰብስባ።

"ምን ሊያዩ? ያረጀ ጉልበት?"

"ያረጀው ያንቺ ነው! እኔ እዚህ ላይ ልብሴን አልቀይርም።"

ተጋግዘው ከአልጋው አንዱን አንሶላ ገፈፉና መስታወቱ ላይ ዘረጉት፤ አራቱን ጫፍ በአራት ወንበር ያዙ። ቤቱን ሊያስጎበኝ የመጣው አስተናጋጅ ወለሉን አይቶ ከንፈሩን ነከሰና ቂብላውን፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ ብቻ አሳይቷቸው ወጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ሺዩና መጥታ ወደ ኮራሉ ወሰደቻቸው። ዋሒዳ ከነቀሚሷ፣ ጃኬት ለብሳ፣ የመጥለቂያ መነጽር ዓይኗ ላይ ገጥማ፣ የመተንፈሻ ቧንቧ አፏ ውስጥ ይዛ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ናጂያ አንድ እጇን ለሺዩና ሰጥታ ተከተለች። ከሥራቸው የብረት አልጋዎቹ በተራ በተራ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ብረቱ ግን አይታይም፤ ቡናማ፣ ቢጫና ሐምራዊ ኮራል ቅርንጫፉን ዘርግቶ ውጦታል። በየቅርንጫፉ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ገባ ወጣ ይላሉ።

"ገመዱ የታለ?" አለች ዋሒዳ ቀና ብላ ውሃውን እየተፋች።

"በስብሶ አልቋል፣ እማማ ዋሒዳ። እንዲያ ነው የምንፈልገው። ኮራሉ ራሱን ችሎ ብረቱን እስኪይዝ ገመዱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከዚያ ባሕሩ ይበላዋል። ማንንም አይጎዳም።"

ዋሒዳ እንደገና ፊቷን ነከረች። ልጅ ሳለች አባቷ ጀልባ ላይ ሆኖ ያሳያት የነበረው ባሕር ይህን ይመስል ነበር። ነጥቶ የሞተውንም አይታለች። ሁለተኛ አየዋለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። "አልሐምዱሊላህ" አለች በልቧ፤ በቧንቧ እየተነፈሱ መናገር አይቻልምና።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደው ሁለቱም ሥራ ፈቱ። በዚህ ሰዓት በማሩዱ ሴት ሁሉ መጥረጊያዋን ይዛ መንገድ ትጠርጋለች። ዋሒዳ ከቤት ወጥታ መጥረጊያ ስትፈልግ፣ ናጂያ ቀድማ አግኝታ ድልድዩን ግማሽ አድርሳዋለች። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሮጦ መጣና በልመና ተቀበላት።

"እናቴ፣ እንግዳ አይጠርግም! እኔን ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?"

"እንግዲያው ምን እንሥራ?" አለች ናጂያ።

"ቁርስ ብሉ።"

ቁርስ ቤቱ አሸዋ ላይ ነው። ሺዩና አብራቸው ተቀመጠች። ማስ ሁኒ ቀረበላቸው፤ ቱና በኮኮናትና በሽንኩርት ታሽቶ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር። ናጂያ "ቃሪያው ያንሰዋል፣ ለፈረንጅ ብለው ነው" አለች፤ እየበላች።

ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ወጣት ፈረንጅ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ሁለት ወር የሚሆነው ሕፃን ይዘዋል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። አባት ያነሳዋል፤ ያለቅሳል። እናት ጡጦ ትሰጠዋለች፤ ይተፋዋል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። እናቲቱ ሰው እያየኝ ነው በሚል ሐፍረት አንገቷን ደፍታለች።

ናጂያ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ "ኧረ በአላህ!" ብላ ተነሣች። ማንንም ሳትጠይቅ እጇን ዘረጋች፤ እናቲቱም ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ ልጇን ሰጠቻት። ናጂያ ሕፃኑን በክንዷ ላይ በሆዱ አስተኛችው፣ ጭንቅላቱን በመዳፏ ደገፈች፣ ጀርባውን ከታች ወደ ላይ እያሸች በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ታንጎራጉራለች፤ የማሩዱን የልጅ ማባበያ። አሥር ደቂቃም ሳይሞላ፣ ሕፃኑ እንደ ትልቅ ሰው አገሳና ዝም አለ። ከዚያ ተኛ።

እናቲቱ አለቀሰች። የናጂያን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ተናገረች። ሺዩና አስተረጎመች፤

"ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላየንም ትላለች። አላህ እንደላከሽ ነው የምቆጥረው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳሽም ትላለች።"

"ምን አደረግሁና?" አለች ናጂያ አፍራ። "ግሳት እኮ ነው! ንገሪያት፣ ግሳት ነው በያት።"

ዋሒዳ ቂጣውን አስቀመጠች። የናጂያን ክንድ ታያለች። ያ ክንድ ያኔም እንዲህ ነበር ልጇን የያዘው። ለአሥር ደቂቃ ውለታ ያቺ ባዕድ እንዲህ አለቀሰች። "ጠገብሽ?" አለች ናጂያ ተመልሳ ስትቀመጥ። ዋሒዳ ራሷን ነቀነቀች።

ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሁለቱ ከቤታቸው ወደ ባሕሩ በሚወርደው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው። ትንንሽ ዓሦች እየመጡ ጣታቸውን ይነካካሉ።

"ናጂያ" አለች ዋሒዳ።

"እ?"

"ያቺ ፈረንጅ ለግሳት አለቀሰች።"

"ድካም ነው። አራስ ናት።"

"እኔ ለአርባ ሰባት ቀን ወተት አንድ ቃል አልተነፈስኩም።"

ናጂያ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። ቀና ብላም አላየቻት።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቀሽ" አለች በመጨረሻ፣ "መሸሻ በሌለበት፣ ባሕር መሀል ልትይዢኝ?"

"አትቀልጂብኝ። የያዝኩት ቃል ይጠፋብኛል።" ዋሒዳ ትንፋሿን ሰበሰበች። "ልጄን አኖርሽልኝ። ሞቶ አገኘዋለሁ ብዬ ስመጣ ወፍሮ ጠበቀኝ። ከጡትሽ ነጥቄሽ ሄድኩ። ሳህን እንኳ አልላክሁም። አመሰግንሻለሁ፣ ናጂያ። ይኸው አልኩት።"

ቃሉ ለአፏ አዲስ ነበር። ናጂያ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና፣

"ወተቴ ለሁለት አይበቃም ነበር" አለች።

"ምን?"

"አይበቃም ነበራ። ቀጭን ነበርኩ፣ ታውቂኛለሽ። ሙፊዳ ስምንት ወሯ ነው፣ ጥርስ አብቅላለች። ያንቺው ገና የሳምንት ነገር፣ እንደ ድመት ግልገል። ለእሷ የሩዝ ውሃ አደረግሁላት፤ ወተቱን ለእሱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አለቀሰችብኝ። ደጋግሞም ሆዷን አመማት። ከሳች።"

ዋሒዳ ሙፊዳን አስታወሰቻት፤ ልጅ ሳለች መንደሩ ሁሉ "ክር" እያለ የሚጠራትን ቀጫጫ። እሷም ጠርታታለች፤ ስቃባታለችም።

"ይህን አላወቅሁም" አለች ድምጿ ተሰብሮ። "ለምን? የእኔን ልጅ ለምን አስቀደምሽ? እኔና አንቺ..."

"ላንቺ ብዬ መሰለሽ?" ናጂያ አሁን ዞር ብላ አየቻት። "አንቺንማ እጠላሽ ነበር። ቆንጆ ነበርሽ። ዙበይር በእንቅልፉ ስምሽን ይጠራ ነበር። ግን ልጁ አፉን ከፈተ፣ ዋሒዳ። አፉን የከፈተ ልጅ እንዲህ እጅሽ ላይ ሲያስቀምጡልሽ፣ የማን ነህ ትይዋለሽ?"

ዋሒዳ የራሷን ባዶ መዳፍ አየች።

"ስትወስጂው ጡቴ ሞልቶ ሦስት ቀን አመመኝ" አለች ናጂያ ቀስ ብላ። "ትመልሰው ይሆናል፣ አንዴ እንኳ ላየው ትመጣ ይሆናል ብዬ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ቅር ያለኝ ሳህኑ አይደለም። እሱ ነው ቅር ያለኝ።"

"ሰባት ዓመት እስኪሆነው ወደ እናንተ ደጅ አላሳለፍኩትም።"

"አላሳለፍሽውም።"

"ይቅር በይኝ።"

"ብዬሻለሁ። ዛሬ አይደለም፤ ድሮ። ዙበይር ሲሞት ኢልያስ አርባ ቀን ሙሉ እኔ ቤት አደረ። 'ሂድ፣ ብቻዋን አትተዋት፣ እናትህ ናት' ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ። ነግሮኛል። እኔም አላመሰገንኩሽም። እንግዲህ አመሰግንሻለሁ።"

ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ አንዷ የሌላዋን ፊት አይታ ሳቀች። ዋሒዳ የናጂያን እጅ ይዛ ሳትለቅ ብዙ ቆየች። ቃጫ የቦረቦረው፣ ልክ እንደ ራሷ የሻከረ መዳፍ ነበር።

"ሙፊዳ ስልክ ታነሳለች በዚህ ሰዓት?" አለች ዋሒዳ።

ሙፊዳ ዛሬ በደቡብ፣ አዱ ደሴት ላይ ነርስ ናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ናጂያ ደወለችና ስልኩን አቀበለቻት።

"እማማ ዋሒዳ?" አለች ሙፊዳ ደንግጣ። "እናቴ ምን ሆነች?"

"እናትሽ ምንም አልሆነች። እንደ ንግሥት እግሯን ባሕር ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ደወሉ? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ ልጄ። ስሚኝ። ሕፃን ሳለሽ ያንቺን ወተት ልጄ ጠጥቶታል። አንቺ በሩዝ ውሃ አድገሻል። ዛሬ ነው የሰማሁት። አንቺንም ላመሰግንሽ ነው።"

የሙፊዳ ሳቅ በስልኩ ሞላ።

"እኔ እኮ አላስታውሰውም! ግን እማማ፣ ተማሪ ቤት ልጆች ሲመቱኝ የሚያስጥለኝ ማን ይመስልዎታል? ኢልያስ አይደል? 'እህቴን አትንኩ' ብሎ ጥርሱን የሰበሩት በእኔ የተነሣ ነው።"

"ወድቄ ነው ብሎኝ ነበር!" አለች ዋሒዳ።

"ታዲያ ምን ይበልዎት? ወደ እኛ ደጅ አትሂድ ብለውት!"

ናጂያ ይህን ሰምታ ወደ ኋላዋ ተንጋልላ ሳቀች። ዋሒዳ ስልኩን ከመስጠቷ በፊት ሙፊዳን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ለዒድ ወደ ማሩዱ ስትመጣ ከነልጆቿ እሷ ቤት እንድታርፍ። "ባዶ ክፍል አለኝ" አለቻት። ሙፊዳ "እሺ" አለች።

ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኢልያስ ሊመልሳቸው ጀልባውን አስጠጋ። ሲመጡ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ነበር የተቀመጡት። አሁን ጎን ለጎን አንድ ወንበር ላይ ሲያያቸው መሪውን ይዞ ቆመ።

"ምን ተፈጠረ?" አለ።

"ጥርስህን አሳየኝ" አለችው ዋሒዳ።

"ምን?"

"የተሰበረውን። 'ወድቄ ነው' ያልከውን።"

ኢልያስ ወደ ናጂያ ዞሮ፣ "እማ ናጂያ፣ ምን ነግረሻት ነው?" አለ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አብረው ሳቁበት። ሺዩናና አስተናጋጆቹ ከድልድዩ ላይ እጃቸውን አውለበለቡ። ዋሒዳም ተነሥታ እጇን አነሳች፤ ጮክ ብላም አመሰገነቻቸው፣ አንዱንም ሳታስቀር በየስማቸው፤ መጥረጊያውን የቀማቸውን ልጅ ሳይቀር።

ለዒድ ሙፊዳ ከአዱ መጣች፤ ከነሁለት ልጆቿ ዋሒዳ ቤት ገባች። ዋሒዳ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠብስና ስትጋግር ነው የሰነበተችው። ናጂያ በር ላይ ቆማ፣ "ልጄን ልትቀሚኝ ነው?" ብትላት፣ "ግቢና አንቺም ብዪ" አለቻት። ናጂያ ገባች። ልጆቹ አሥራ ሁለት ቀን ሲቆዩ እሷም ወደ ቤቷ የሄደችው ዶሮዎቿን ለማየት ብቻ ነበር።